ትርፉ ሰጋቱራ

ይሻው አናጺ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቢሮ ሲዘጋ ጓሮው ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ይገባና እንጨት ሲልግ ያመሻል። ከዚያች ክፍል እስከ ዛሬ ጥቂት በርጩማዎችና አንድ ዘመም ያለ መደርደሪያ ወጥተዋል። አንዱን በርጩማ ጎረቤት ገዝቶት ነበር፤ በሳምንቱ መልሶ አመጣው። ይሻውም ሳያንገራግር ገንዘቡን መለሰለት። የመጋዙን፣ የመሮውንና የመላጊያውን ገንዘብ ለእሱ የሚመልስለት ግን አልተገኘም።

«በዚህ ሁሉ ብረት ዋጋ እኮ ባለሙያ ቤቱን በዕቃ ይሞላልን ነበር» ትለዋለች ሚስቱ ዘነበች።

«ሥራ ሲለመድ ነው የሚያተርፈው።»

«አንተ እስክትለምድ የአገሩ ዋንዛ አለቀ።»

የቢሮ ባልደረባው ማሩም አይምረውም። «ያንተ ትርፍ ሰጋቱራ ነው» እያለ ይስቅበታል። ይሻው አብሮ ይስቃል። ሰው የወደደውን ነገር ሲሠራ ኪሳራው አይታየውም።

በኅዳር መጨረሻ ታላቅ ወንድሙ ጌጡ ከሽማግሌዎች ጋር ቢሮው ድረስ መጣ። ወደ ውጭ ጠሩት፤ አስቀመጡት፤ ነገሩት። ቢያድግልኝ ሞቷል። የይሻውና የዘነበች አንድያ ልጅ፣ ጂንካ መንገድ ሥራ ላይ የነበረው፣ መኪና ተገልብጦበት እዚያው ተቀብሯል።

 «እናቱስ?» አለ ይሻው።

ጭንቁ ይኸው ነበር። ዘነበች የልብ ሕመምተኛ ናት። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛት ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቋል።

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ልትሄድ አይደል?» አለ ጌጡ። «ትሂድ፣ ትጠንክር። ልደቱም ጥምቀቱም ይለፍ። ከዚያ እንደ ወጉ በማለዳ መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አንተ ቻለው። ፊትህን አይታ ካወቀች ትሞትብሃለች።»

ይሻው ሆድ ይፍጀው ብሎ ቤቱ ገባ። ከሚስቱ ጋር ራቱን በላ።

«ልጁ አልደወለም?» አለችው።

«ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው አሉ እዚያ አገር።»

ልጅ የሞተበት ሰው ማልቀስ አለበት። ይሻው የት ያልቅስ? ቤቱ ጠባብ ነው። ቢሮው ሰው አለበት። ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ የሚያውቀው ሁሉ ምን ሆንክ ይለዋል። የቆርቆሮዋ ክፍል ነበረች፤ ነገር ግን የእጅ መጋዝ ድምፅ የወንድ ልቅሶ አይሸፍንም። ስለዚህ ዕቁቡ ሲደርሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መላጊያ ገዛ። ሲነሳ ሰፈሩን ያናውጣል። ይሻው እሱን ያስነሳና እንጨቱ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ዘነበች ተቆጣች። «ጨርሰህ አበድክ ልበል? ከወንዛዬ ስመለስ ገዢ አምጥቼ ይህን ሁሉ ብረት አሸጥልሃለሁ።»

እንደምታደርገው ያውቃል። ፈራ። ማሽኑ ከተሸጠ አንድ ቀን ማዕድ ላይ እንባው ያመልጠዋል። ያኔ ዘነበችንም ያጣል።

ዘነበች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወንዛዬ ከርማ መጣች። ፊቷ አባብጦ ነበር።

«ምነው?» አላት ደንግጦ።

«ፍል ውሃው ነው። በረታብኝ።»

ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን እንሽጥ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ስለ ልጁ ስልክም ደግማ አልጠየቀችም፤ ይሻውም ከውሸት ስላረፈ እፎይ አለ። ዘወትር የሚረሳውን የደም ግፊት ክኒኑን ሳይውጥ እንዳይተኛ ትጠብቀው ጀመር። ከቢሮ ሲገባ ደግሞ «ዛሬ ማሽኑን አታስነሳውም?» ትለዋለች።

«ደክሞኛል።»

«ግድ የለህም፣ ትንሽ ሥራ። ሲለመድ ነው የሚያተርፈው ስትል አልነበር?»

መብራት የጠፋ ዕለት ከእሱ ይልቅ እሷ ትቁነጠነጣለች። ለልደት ያደለበችውን በግ አውጥታ ሸጠችና ከመላጊያው የባሰ የሚጮህ የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዛችለት።

«በዓሉ ያለ በግ ሊውል?» አላት።

«ለሁለት ሰው በግ ምን ይሠራል?»

 ምስኪን፣ እውነትም ያተርፋል ብላ ነው አለ ይሻው በልቡ። ገባና መጋዙን አስነሳ፤ ያን ቀን ልጁንም እሷንም አለቀሰ።

ሲወጣ ዓይኑ ፍም መስሏል። «ሰጋቱራ ገብቶብኝ ነው» አላት።

«እኔንስ? እዚህ ድረስ እየመጣ ዓይኔን ጨረሰው» አለች ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ።

ማሩ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ «እሺ፣ አሁንስ ማሽንህ ዋጋውን መለሰ?» ብሎ ጠየቀው።

«እየመለሰ ነው» አለ ይሻው። ማሩ ሳቀ፤ ይሻው ግን አልሳቀም።

ጥምቀት አለፈ። ጌጡ ቀኑን ቆርጦ ነገረው። የዚያን ዕለት ማለዳ ይሻው መድኃኒቷንና ውሃ ከራስጌው አስቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ የተኛ መስሎ ጠበቀ። ጌታዬ ልቧን ያዝልኝ ይላል በሆዱ። የብዙ ሰው ኮቴ ግቢው ውስጥ ተሰማ። በሩ ተንኳኳ።

ዘነበች ቀስ ብላ ተነሳች። ነጠላዋን ደርባ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው። ደጁ ላይ ጌጡ፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ሞገስና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጎረቤቶች ቆመዋል።

«ልጄ ዘነበች፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን…» ብለው ጀመሩ መምሬ ሞገስ።

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አባ» አለች ዘነበች በሹክሹክታ፤ «ይሻው ገና አልሰማም።»