ሙሉውን የያዘው ሰው

«አሁንስ ተንቀሳቀሰ?» አሉ እትዬ ይማርሽ።

ምስጋኑ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ትንሽ መጨመሩን ነገራቸው። ዘጠና አራት ከመቶ ይላል። ከውጭ የላሊበላ ቅዳሜ ገበያተኛ አህያውን እየነዳ ያልፋል። እሳቸው ግን ከአሸተን ተራራ ጥግ ጎህ ሳይቀድ ወርደው፣ ገበያውን ትተው፣ እዚህች ጠባብ የምስጋኑ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው።

ልጃቸው ደሳለ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ከገባ በኋላ ባሕር ላይ ቀረ። መርዶውን በስልክ ያረዳቸው አብሮት የተሳፈረ ልጅ ነው። ልቅሶው ነገ ነው፤ አስከሬን ግን የለም። ልብሱን ለልቅሶው መደብ ላይ እንዳያወጡለት ደህናውን ለብሶ ሄዷል፣ የቀረውን ታናሹ በላዩ ላይ ጨርሶታል። የነበረችው አንዲት ጉርድ ፎቶም መታወቂያው ላይ እንደተለጠፈች አብራው ሰጥማለች። እትዬ ይማርሽ ባዶ መደብ ከብቤ አላለቅስም፣ ልጄ ያልተወለደ ይመስላል ብለው እንቢ አሉ።

አስጎብኚው አዳም ነው ተስፋውን ያመጣው። አንድ እንግዳ ሆቴል ውስጥ የላሊበላን ገና የሚያሳይ ፊልም በኮምፒውተሩ ከፍቶ ሲያይ፣ አዳምም አብሮት አይቷል። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ብለው እንዳበቁ ደሳለ ጧፍ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ይስቃል። እንግዳው ከነኮምፒውተሩ ስለሄደ፣ ምስጋኑ ፊልሙን ከኢንተርኔት አውርዶ ያንን ፊት ቆርጦ ሊያትምላቸው ቃል ገባ።

ፊልሙ አንድ ቦታ የተቀመጠ አይደለም። የያዙት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው በተገኙ ጊዜ እየቆረሱ ይሰጣሉ፤ ተቀባዩም የደረሰውን ለሌላው ያቀብላል። ጠዋት ይህን ሲያስረዳቸው እትዬ ይማርሽ ፈጥኖ ገብቷቸው፣ «ወንፈል ነዋ» ብለው ነበር።

አሁን ስንት ሰው እንዳለ ጠየቁት። ሙሉውን የያዘ አንድ፣ እንደ እነሱ የጎደላቸው ደግሞ አራት መሆናቸውን ነገራቸው።

ጥቂት አሰቡ። «እነሱስ የማንን ልጅ ነው የሚጠብቁት?»

ፊልም ለማየት ብቻ ነው ሊላቸው ቃጣውና ተወው። «አላውቅም፣ እትዬ።»

«ለነሱም እግዜር ያሳያቸው።»

ምስጋኑ ያልነገራቸው ነገር አለ። ሙሉውን የያዘው ሰው መኖሩ በቁጥር ይታያል እንጂ መስመራቸው አይገናኝም። የዚህ ቤት መስመር ወደ ውጭ መጥራት እንጂ ከውጭ የመጣ ጥሪ መቀበል አይችልም፤ የዚያም ሰው እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም ያንኳኳሉ፣ ለሁለቱም የሚከፍት የለም። የሚያገናኛቸው ከአራቱ አንዱ፣ በሩ ክፍት የሆነ ሦስተኛ ሰው ነው። ከዚያኛው ይቀበልና ለእነሱ ያቀብላል። ስሙን አያውቁትም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርና የአንድ ሩቅ አገር ባንዲራ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የደረሳቸው ሁሉ በእሱ በኩል ያለፈ ነው። እሱ ራሱ ዘጠና ዘጠኝ ደርሷል፤ ምስጋኑን የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

የሰውየው መቶ ሞላ።

ሰውየው መቶ እንዳለ ትንሽ ቆየ፤ ቀጥሎ ባንዲራው ከነቁጥሩ ጠፋ። የሚወርደው ፍጥነት ዜሮ ላይ ተቀመጠ። ምስጋኑ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ዘግቶ ከፈተ። ብቅ ያለ የለም።

«ምነው፣ ልጄ?»

«ያቀብለን የነበረው ሰው የራሱን ጨረሰና ሄደ።»

«የራሱ ማሳ ሲታጨድለት ወንፈሉን ጥሎ?»

«አያውቀንማ።»

«ንገረዋ። አንዲት ሴትዮ ቀርታለች በለው።»

መንገሪያ እንደሌለው ነገራቸው። ስለዚያኛው፣ ሙሉው ስላለው ሰው ጠየቁት።

«አለ» አለ ምስጋኑ። «አሁንም አለ። እኛ ግን አንደርስበትም።»

እትዬ ይማርሽ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። እስቲ የደረሰንን ክፈተው አሉት። ምስጋኑም ለአፍታ ተስፋ አደረገ። ቁርጥራጩ በተራ አይመጣም፤ ጎደሎው መጨረሻው ላይ ወይም ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ደርሶ ይሆናል።

ከፈተው። ካህናቱ ነጭ ለብሰው ከዐለቱ አፋፍ ላይ ቆመዋል፣ ሕዝቡ ከታች ሞልቷል። እትዬ ይማርሽ አማተቡ። ዝማሬው አለቀ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ካሜራው ወደ ወጣቶቹ ዞረ። አንድ ጧፍ ታየ፣ ጧፉን የያዘ እጅ ታየ። ከዚያ ምስሉ ተሰባብሮ ስክሪኑ በግራጫ አራት ማዕዘኖች ተሞላ። ድምፁም ተቆረጠ። ፊልሙ ሲመለስ ሕዝቡ ተበትኖ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ እየሄደ ነበር።

ወደ ኋላ መልሶ አየው፤ ያው ነው። ግራጫው ላይ ሲደርስ አቆመው።

«አዳም ያለው እዚህ ላይ ነው?»

«እዚህ ላይ ነው፣ እትዬ።»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ተመለከቱት። «ከየትኛው ውስጥ ነው ያለው?»

ምስጋኑ የለም ሊላቸው አፉን ከፈተ። ፊታቸውን አየ። ጣቱን ዘርግቶ መሀል ላይ ካሉት አንደኛውን ነካ።

እትዬ ይማርሽ ወንበራቸውን አስጠጉ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ላይ ጠቅልለው እዚያች ግራጫ ላይ ያረፈውን አቧራ ጠረጉ፣ ቀስ ብለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ።