የዘቢደር ቋጠሮዎች

በጂቡቲ ሙቀት ይህን የሚያህል የአልጋ ልብስ ምን ይሠራል? ተክለወልድ የሚነጫነጨው በዚህ ነበር፤ አንጀቱን የሚያሳርረው ግን ሌላ ነው።

ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲያወርድ ውሎ ሲመለስ ሚስቱ ዘቢደር መዳፍ የሚያካክሉ ቀይና ነጭ ቁርጥራጭ ጨርቆች ስትገጣጥም ያገኛታል። የአልጋ ልብሱን ሥራ የሰጣት የቡላኦስ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጀላሉዲን ነው፤ ለልጁ ሰርግ።

ይሁን። ግን በየቁርጥራጩ ጥግ ክር ተንጠልጥሏል። አንዱ አንድ ቋጠሮ አለው፤ ሌላው ሁለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጀላሉዲን ነው የሚቋጥርልኝ። የሥራ ነገር ነው።»

ፊቱን አጠቆረባት። እሷ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ድሮ ቅንድቡ ሲነሳ የምትርበተበት ሴት ምን ያህል ብትንቀው ነው?

ሲመሽም ፋኖስ ማብራት ትታለች። ጋዝ ለመቆጠብ ነው ትላለች። ከመቼ ወዲህ?

ተክለወልድ መቀመጥ መቆም አቃተው። አንድ ቋጠሮ አንድ ሰዓት ይሆን? ሁለቱስ?

አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ። ጀላሉዲን ቁርጥራጮቹን በዘቢደር መዳፍ ላይ አኖረላት። እሷ ክሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳበሰች። የሆነ ነገር ብሎ አሳቃት፤ ከዚያ እጇን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት! ባሏን በሁለት ክንድ ርቀት አልፋው ሄደች፤ ሰላም እንኳ አላለችውም።

ቅዳሜ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ወንድሞቿ ሊሰዳት ቆረጠ። ቀደም ሲል ባልደረባው የታመመች ሚስቱን በዚያው ባቡር ሲሰድ፣ ተክለወልድ «ደግ አደረገ» ብሎ ለዘቢደር አውርቶላት ነበር። ይቺ ደግሞ ጤነኛ ናት፤ ምን ያሳዝናል?

ሚስቱን ከመፍታቱ በፊት ግን ቋጠሮውን ፈታ። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከቅርጫቷ ክሩን ሁሉ መዞ ጣለ። መልእክቱ ሲጠፋት ትናዘዛለች።

ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ቁርጥራጭ አነሳች፤ ጥጉን ዳበሰች። ሌላ አነሳች። ሦስተኛ። የመጀመሪያውን መልሳ ዳበሰች።

«ምን ጠፋሽ?» አላት ፊት ለፊቷ ቆሞ።

«ምንም።»

«ዘቢደር፣ እውነቱን ንገሪኝ! ምን እየፈለግሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም አልኩህ እኮ» አለች፤ እንባዋን እየዋጠች፣ እንደምንም ፈገግ ብላ። «ይኸው፣ መሃል የሚገባውን ቀዩን አገኘሁት።»

ነጩን ጨርቅ ዘርግታ አሳየችው።