የዘመነ ሕመም

ንጋት ወንድሟ መታመሙን ያወቀችው በዓይኑ ነው። በነቃች ቁጥር ዘመነ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ታገኘዋለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእሱ ዘንድ ጠፍቷል።

ሁለቱም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማራሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ ወረታ እናታቸው ቤት ከገቡ ሰንብተዋል። ዘመነ ፎገራ ሜዳ ላይ ለምርምሩ የዘራው ሩዝ ደርሶ እየረገፈ ነው። እሱ ግን ከቤት ንቅንቅ አይልም። እሷ ካልጎረሰች አይጎርስም። ውኃ ልትቀዳ ወደ ጉድጓዱ ስትሄድ ባልዲውን ነጥቆ ይቀድማታል። ይባስ ብሎ የአረም መድኃኒቱን ከጓዳ አውጥቶ የት እንዳደረሰው አይናገርም። ይህን ስታውቅ ነገሩ ገባት። ወንድሟ ራሱን ሊያጠፋ ነው።

ያላደረገችው የለም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚያማክር ባለሙያ አለው ቢሏት ሄደች። ባለሙያዋ ስለ ዘመነ የተነገራትን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችና፣ «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለቻት። ንጋት ተናዳ ወጣች። የተማረ ሰው ጥያቄ አያልቅበትም። የራሷን ጽሑፍ እንኳ አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ አጨማልቆ ከመለሰላት ወዲህ አልከፈተችውም፤ ወንድሟ እንዲህ እየሆነ ማን ስለ ጽሑፍ ያስባል።

በመጨረሻ እናታቸው ገላነሽ ለብቻዋ ጠራቻት።

«እንዲህ ያለ ሕመም በግድ አይሆንም፣ ልጀ፤ በዘዴ ነው። አሞኛል፣ ጠበል አድርሰኝ በይው። እዚያ ከደረሰ መነኩሴው ያውቁበታል።»

መዋሸት ከበዳት። ግን ሌላ ምን ቀርቷታል?

«ዘመነ፣ አሞኛል። ጣራ ገዳም አድርሰኝ፤ ብቻየን አልችልም።»

ይከራከረኛል ብላ ነበር።

«እሽ፣ እንሂድ» አለና የተዘጋጀ ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ እሷን ወደ መስኮቱ አስገብቶ እሱ በሩ ጋ ተቀመጠ። አዲስ ዘመን ከተማ እስኪደርሱ እጁን ከበሩ እጀታ ላይ አላነሳም። ንጋት የታጨደውን ሜዳ እያየች ዕንባዋን ዋጠች። እንዲህ የሚያምናትን ወንድሟን ማታለሏ አንገበገባት።

ዳገቱን ወጥተው ጠበሉ በር ሲደርሱ መነኩሴው ብቅ አሉ። ንጋት ፈጠን ብላ ተጠጋቻቸውና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባ፣ ታማሚው እሱ ነው። እኔ ነኝ ያልሁት እንዲመጣልኝ ብየ ነው። እባክዎ ይርዱኝ፤ እኔስ አቅቶኛል።»

«አውቃለሁ ልጀ። እናትሽ ሁሉንም ነግራኛለች» አሉ መነኩሴው። እጇን ያዙና ወደ ዘመነ ዞሩ።

«አስታማሚው እዚህ ይቆይ።»