የአውራ ዶሮው ጭራ

በአንድ የቻይና መንደር፣ ለአዲስ ዓመት ሦስት ቀን ሲቀረው የእነ ጓንግዴ አውራ ዶሮ የጭራ ላባዎቹ ተነቅለው ተገኘ።

ለአባቶች መንፈስ የሚቀርብ ዶሮ ጭራው መጉደል የለበትም። ይሄኛውን ደግሞ የጓንግዴ እናት፣ እማማ ፓን፣ ዓመቱን ሙሉ ከእጃቸው እህል እያበሉ ነው ያሳደጉት። ከእሳቸው በቀር የተጠጋውን ሁሉ በመንቆሩ ይወጋል።

ጓንግዴ ሌባ ፍለጋ ብዙ አልደከመም። አውድማው ላይ ልጆች ተሰብስበው ላባ ኳስ በእግራቸው ያንቀረቅባሉ። መሃል ላይ የመበለቷ የሹዠን ልጅ ቹንያ ነበረች። ኳሷ አዲስ ነው፤ ላባው ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ያለው ሳንቲም በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ በደቃቅ ስፌት ተሰፍቷል።

«ሠላሳ ስድስት! ሠላሳ ሰባት!» እያሉ ልጆቹ ይቆጥሩላታል።

«ይሄን ላባ ከየት አመጣሽው?» አላት ጓንግዴ።

ቹንያ ኳሱን ከጀርባዋ ደበቀች።

«የተነቀለው የዶሮዬ ጭራ ነው ወይስ ያንቺ ምላስ?»

ልጆቹ ሳቁ። ሹዠን ተጠርታ መጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሰው ደጅ ለልመናም ለወቀሳም ቆማ አታውቅም። አሁን መንደሩ ሁሉ እያያት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ጋሼ፣ የእኔን ዶሮ ውሰዱት። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ጭራው ግን ሙሉ ነው።»

«እሱንስ እወስዳለሁ። መጀመሪያ እናቴን ይቅርታ ጠይቂ።»

እማማ ፓን በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በልጅነታቸው እንደ አገሩ ልማድ እንዳያድጉ በጨርቅ ታስረው ትንንሽ የቀሩት እግሮቻቸው ጫፍ ብቻ ከልብሳቸው ሥር ይታያል። ሹዠን ፊታቸው ተንበረከከች፤ ልጅቷንም ጎትታ አንበረከከቻት።

«ይማሩን እማማ። ልጅ ማሳደግ ያላወቅኩት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አላዩአትም።

«ይብቃ፣ ተነሱ» አሉ ቀስ ብለው።

ሹዠን የናቋት መሰላት። ከወቀሳው ይልቅ ይሄ አሳፈራት።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና መጥረጊያውን አነሳች። ልጇን መትታ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ክንዷ እስኪዝል መታቻት። ቹንያ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። የጮኸችው እናቷ ኳሱን ምድጃው ውስጥ ልትወረውር ስትል ነው።

«እማዬ አታቃጥዪው! የእማማ ፓን ነው፤ ራሳቸው ነቅለው ራሳቸው ሰፉት። እኔ ሳንቀረቅብላቸው ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ለማንም አትንገሪ ብለውኛል።»