ከጎማው ኋላ ያለው ድንጋይ

ጠመዝማዛውን የጠጠር መንገድ ጨርሰው ተራራው ጫፍ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሹፌሩ «ፍሬኑ አልይዝ አለ» ብሎ አይሱዙውን አቆመ። ደመናው ከበታቻቸው ነበር። ዘሎ ወረደና ከኋላ ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ወሸቀ። ረዳት ስላልነበረው ጋቢና ያሳፈራትን ብቸኛ ተሳፋሪ ጠራት።

«እማማ፣ ይህን ድንጋይ ይጠብቁልኝ። እሱ ከለቀቀ አለቀልኝ።»

መፍቻ ይዞ በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናው ሥር ገባ።

ሴትዮዋ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። ልጇን እዚህ መንገድ ላይ ገጭቶ ያመለጠው ይህ ሰው መሆኑን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ዛሬ የተሳፈረችውም ለዚሁ ነው። ድንጋዩን ሳብ አደረገችው። መኪናው ሲጢጥ አለ።

«አንተ! እዚህ የገደልከው ልጅ ጥላዬ ይባላል። እናቱ ነኝ።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«ስሙን አላውቅም ነበር» አለ ሹፌሩ ከሥር። «እርስዎን ግን ገና መናኸሪያ ሳይዎት ነው ያወቅኩዎት። ቁርጥ እሱን ነዎት። ረዳቴን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። ፍሬኑም አልተበላሸም፤ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ይሳቡት፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ተነሥታ ድንጋዩን በተረከዟ እየመታች ወደ ጎማው መልሳ አጠበቀችው።

«ውጣ» አለችው። «ልጄ ሰክሮ ገደል ገባ ተብሎ ለቀስተኛ እንኳ አልመጣለትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መሀል ቆመህ እውነቱን ትናገራለህ። ወንድሞቹም ይኖራሉ።»