ከፓሻ አንገት የጠፋው ክር

ስቶይና ድመቱን በእንስሳት ሐኪም ቤቱ የምርመራ ጠረጴዛ ላይ በክንዷ አቅፋ ይዛ፣ አንገቱ ላይ ቀይና ነጭ ክር ለማሰር ትታገላለች። ፓሻ በደህናው ጊዜ ክር ሊያስሩለት ቀርቶ ሲዳስሱት እንኳ የሚያስቸግር ቀይ ወንድ ድመት ነበር። አሁን ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቶ ዝም አላት። ስቶይናን ያስጨነቃት ይኸው ነው።

"እዚህም?" አላት ባሏ ጋንቾ። "ሐኪም ቤት መጥተንም አልተውሽ?"

"አንተ ዝም በል። በመጋቢት ባዶ አንገቱን ሆኖ ነው የታመመው።"

በመጋቢት መባቻ፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ፣ ለጤና የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር፣ ማርቴኒጻን፣ ለቤቱ ሁሉ አድላ ነበር። ለራሷና ለባሏ የእጅ አንጓቸው ላይ፣ ለፍየሏ ቀንዷ ላይ፣ ለፕሪሙ ዛፍ ቅርንጫፉ ላይ፣ ለፓሻ አንገቱ ላይ። ሽመላ ከሄደበት ተመልሶ ሰማይ ላይ እስኪታይ ድረስ ክሩን ማንም አይፈታውም። ፓሻ ግን ከነዘርፉ አጠፋው። በማግስቱ ምግብ ተወ፤ ቢጫ አረፋ ያስመልስ ጀመር፤ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ጠባቂው ክር ከሄደ በሽታ ቢገባ ምን ይገርማል?

ሐኪሟ ዶክተር ኔቬና እጇን ታጥባ መጣች። ስቶይና መጀመሪያ ያየችው የሐኪሟን የእጅ አንጓ ነው። ባዶ! በመጋቢት ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት ስለ ጤና ምን ታውቃለች?

"መብላት ያቆመው መቼ ነው?" አለች ዶክተሯ።

"ዲሚትሪና መጥታ 'ድመታችሁ እንዴት ወፍሯል!' ካለችበት ሰዓት ጀምሮ" አለ ጋንቾ። "ጎረቤታችን ናት። ከክፉ ዓይን እንዲጠበቅ እንኳ እንትፍ እንትፍ አላለችም።"

"አንተንም ወፍረሃል ብላሃለች" አለች ስቶይና። "አንድ ቀን ምግብ ትተህ ታውቃለህ?"

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የፓሻን ሆድ በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገች። ፓሻ አቃሰተ። "ውሃስ?"

"ጠጥቶ ይመልሰዋል።"

"ታዲያ ምነው እስካሁን?"

"ያልፍለታል ብዬ ነዋ! የካሞሚል አበባ ሻይ አጠጣሁት፤ ሆዱን በአረቄ አሸሁት።"

"ግማሹን እሷ አሸችው፣ ግማሹን እኔ ጠጣሁት" አለ ጋንቾ። "ጭንቀት ነው።"

"እማማ ስቶይና፣ ድመት በሽታውን ይደብቃል" አለች ዶክተሯ። "መብላት ትቶ፣ ጥግ ገብቶ፣ ውሃ እንኳ አልረጋለት ካለ ነገ ይሻለዋል አይባልም። በዚያው ቀን ይዘውት ይሮጣሉ። እስቲ ያስታውሱ፣ ልክ መቼ ነው የጀመረው?"

"ማርቴኒጻው የጠፋ ጊዜ ነው።"

የዶክተሯ እጅ ባለበት ቆመ። "የት ነው የጠፋው?"

"የት እንደሆነ ባውቅማ ጠፋ እል ነበር?"

ዶክተሯ የፓሻን አፍ ከፈት፣ ምላሱን ቀና አደረገች። ከምላሱ ሥር ቀይ ክር ተጠምጥሟል፤ ጭራው ወደ ጉሮሮው ወርዶ አይታይም። 

"ይኸው ተገኘ!" ጋንቾ ደስ ብሎት ሁለት ጣቶቹን ላከ።

ዶክተሯ እጁን መታ አድርጋ መለሰችው። "እንዳይጎትቱት! ሌላው ጫፍ አንጀቱ ውስጥ ነው። ቢጎትቱት አንጀቱን ይቀደዋል። ሆዱ መከፈት አለበት፣ አሁኑኑ።"

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ቀዝቃዛ ነበር። ስቶይና ያላሰረችውን አዲሱን ክር ጭብጥ አድርጋ ተቀመጠች። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይዘውት ሲገቡ ፓሻ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

"በገዛ እጄ ነው ያሰርኩለት" አለች። "ለጤናው ብዬ፣ በገዛ እጄ ልገድለው።"

ጋንቾ ካገባት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ 'ተሳስቻለሁ' ስትል ሰምቷት አያውቅም። የማሾፊያው ዕድል አሁን እጁ ላይ ወደቀለት። አገላብጦ አየውና ተወው።

"ዲሚትሪና ናት" አለ። "እኔ አሁንም ዲሚትሪና ናት ባይ ነኝ።"

ስቶይና እንባዋን በመሐረቧ ጠርጋ ትከሻው ላይ ተደገፈች።

በሩ ሲከፈት ሁለቱም እኩል ተነሡ። ፓሻ ሆዱ ተላጭቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ማደንዘዣው ገና ሳይለቀው ተጋድሟል። ዶክተሯ ፊቷ ላይ ላብ አለ።

"ክሩ ወጥቷል፤ በሰዓቱ ደርሳችኋል" አለች። "ነገ ብትሉ ኖሮ እንጃ። መጋቢት በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ድመት አላጣም። እኔም እዚህ ማርቴኒጻ የማላስረው ለዚህ ነው።"

ስቶይና ጎንበስ ብላ ግንባሩን ዳበሰችው። የአንጓዋ ማርቴኒጻ ዘርፍ አፍንጫው ፊት ተንጠለጠለ። የፓሻ አንድ ዓይን ተገለጠ። አንድ መዳፍ ከጨርቁ ሥር ወጣ፤ እየተንገዳገደ ወደ ዘርፉ ተነሣ፤ ሳተው። እንደገና ተነሣ።

ባልና ሚስቱ፣ ስኳር ሲሰርቁ እንደተያዙ ልጆች፣ እጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ።

ስቶይና ትንሽ ቆማ ድመቱን አየችው። ከዚያ እጇን ከኋላዋ አውጥታ ወደ ዶክተሯ ዘረጋች። "በመቀስሽ ቁረጪው፣ ልጄ።"

ጋንቾ ደነገጠ። "ኧረ ሴትዮ! ሽመላ ሳናይ?"

"ፓሻን አየሁ፤ ይበቃኛል።"

ጋንቾ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየ። ምንም የለም። ቀስ ብሎ እሱም እጅጌውን ሰበሰበ።