ሁለተኛው ምልክት

በውሃ ተነክሮ ከወረቀት የሚላቀቀው ስስ ክብ ምልክት አልያዘም። አስረስ በወረንጦው ጫፍ ሲነካው ከሄሊኮፕተሩ በር ላይ ይንሸራተትና ሆዱ ሥር እንደ ረጠበ የሽንኩርት ልጣጭ ይጣጠፋል። በግራ እጁ ሊዘረጋው ሲሞክር ይቀደዳል። አረንጓዴው ከቢጫው፣ ቢጫው ከቀዩ ይለያያል።

ክንድ የማትሞላውን የፕላስቲክ ሞዴል ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞራታል። ትናንት ቀብቶ የጨረሰው ደብዛዛ አረንጓዴ ዛሬ ያብረቀርቃል። ውሃው አልተዘረጋበትም፤ ክብ ክብ ሆኖ እንደ ዶቃ ቆሟል። አስጠግቶ ያሸታል። ቅቤ ነው።

እናቱ ወለተ ሐና በሩ አጠገብ ተቀምጣ ለመስቀል የሚወጡትን የቀንድ ዋንጫዎች በቅቤ ታሻለች። እስከ ክርኗ ድረስ ወዝታለች።

"እማ፣ ይህን ነክተሽዋል?"

"ነካሁት እንጂ! የቤቱ ዕቃ ሁሉ ለበዓል ሲቀባ የልጄ ሥራ ብቻ ገርጥቶ ይቀመጥ? ከዋንጫው አስቀድሜ ነው የቀባሁት።"

ታላቅ ወንድሙ ሀብተጊዮርጊስ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ ይስቃል። እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች ለበዓሉ ከመርካቶ ቡታጅራ የገባው ትናንት ነው። "ቅቤ ከገባበትማ ሚጥሚጣ ጨምሩበትና እንብላው።"

አስረስ አይስቅም። ምልክቶቹ ሁለት ነበሩ፤ አሁን መጠባበቂያው ብቻ ቀርቷል።

ባለፈው ግንቦት፣ በ1963፣ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ቀኝ እጁ እስኪሰበር ድረስ ደብረ ዘይት በአየር ኃይል ሰፈር የአውሮፕላን ቁጥርና ምልክት ይሥል ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። አለቃው የነበሩት ሻምበል ሞዴሉን በሳጥን ሰጥተው፣ "ከበዓሉ በኋላ በግራ እጅህ ጨርሰህ አምጣልኝ፤ ካማረ የማስተማሪያ ሞዴሎች ክፍል ትገባለህ" ብለውታል። ካላማረ ምን እንደሚሆን አልነገሩትም። የነገረው ወንድሙ ነው። በጨርቅ ሱቁ ውስጥ በርጩማ አዘጋጅቶለታል።

"በነጭ ጋዝ ጥረገው" ይላል ሀብተጊዮርጊስ።

"ቀለሙን ይበላዋል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያ ከበዓሉ በኋላ አብረን እንሳፈር። መርካቶ ቀኝና ግራ አይጠይቅም። ጨርቅ ለመለካት ክንድ ይበቃል።"

እናቱ የያዘችውን ዋንጫ ታስቀምጣለች። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ?"

"ቅቤ የሚያስለቅቅ ነገር ስጪኝ፣ እማ።"

ወደ ጓዳ ገብታ የተወቀጠ እንዶድ በቅል ይዛ ትመለሳለች። "የጸጉሬን ቅቤ ከነጠላዬ የሚያወጣው ይህ ነው" ትላለች፤ በውሃ ትመታዋለች፤ አረፋው ይነሳል።

አስረስ ጥጥ ነክሮ የሞዴሉን ጎን ያጥባል። ያለቀልቃል። ጠብታ ይጥልበታል፤ ጠብታው አሁንም እንደ ዶቃ ይቆማል። ደግሞ ያጥባል። ጠብታው ይሰነጠቃል። በሦስተኛው ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ይዘረጋል።

ወንድሙ ከመደቡ ተነስቶ ይመጣል። "ና፣ እኔ ልለጥፍልህ። ሁለት ደህና እጅ አለኝ። ማን ያውቃል?"

"ሌላ ሞዴል ሲሰጡኝስ? ከመርካቶ እያስጠራሁ ላስለጥፍዎት ነው?"

ሀብተጊዮርጊስ እጁን ይሰበስባል። ወደ መደቡ ግን አይመለስም።

አስረስ አንዱን ዋንጫ ይደፋና የግራ እጁን አንጓ ያሳርፍበታል። ያዳልጠዋል። ዋንጫውንም በእንዶድ ያጥበዋል። የደረቀውን ቀኝ እጁን በሄሊኮፕተሩ ጅራት ላይ ያስቀምጣል፤ መያዝ ቢያቅተው መጫን አያቅተውም።

ምልክቱ ከወረቀቱ እስኪላቀቅ ድረስ ውሃ ውስጥ የሚቆይበት ልክ አለው። ቤቱ ውስጥ ሰዓት የለም።

"እማ፣ አባታችን ሆይ በይ። ሳትቸኩዪ።"

አስረስ የቀረውን ምልክት ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ እናቱ ዓይኗን ጨፍና ትጀምራለች። "አሜን" ስትል በወረንጦው ያወጣዋል።

ወረቀቱን በሄሊኮፕተሩ በር ላይ ያስጠጋና ክቡን በእርጥብ ብሩሽ ይገፋዋል። ግማሹ ይወርዳል፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። አስረስ ብሩሹን ያነሳል። ይቆማል። ጥርሱን አይነክስም፣ አይቆጣም፤ ብሩሹን እንደገና በውሃ ያርሰዋል። ከዚያ ይገፋል።

ክቡ ይወርዳል። ግን የጤፍ ፍሬ ያህል ወደ ጅራቱ አልፏል።

"በቃ፣ ይሁን! አያስታውቅም" ይላል ወንድሙ በሹክሹክታ።

አስረስ በብሩሹ ጫፍ አንድ ጠብታ ከሥሩ ያስገባል። ክቡ ይንሳፈፋል። የጤፍ ፍሬዋን ያህል ይመልሰዋል።

"ጨርቅ።"

እናቱ የነጠላዋን ጫፍ ትዘረጋለታለች።

"እጅሽን ታጥበሻል?"

"ሁለት ጊዜ!"

"በእንዶድ?"

"በእንዶድ፣ አንተ ጨቅጫቃ!"

ነጠላውን በምልክቱ ላይ አሳርፎ በአውራ ጣቱ ከመሃል ወደ ዳር ይጫናል። ውሃው ይወጣል። ሞዴሉን ያዘነብላል፤ የበለጠ ያዘነብላል። ክቡ በሩ ላይ አብሮት እንደ ተወለደ ተቀምጧል።

ሀብተጊዮርጊስ አጎንብሶ ሲያይ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ይለቀዋል። ቀለም ይዞት ከትናንት ጀምሮ አልዞር ያለው የሄሊኮፕተሩ የአናት ተሽከርካሪ ክንፍ ይነቃነቃል፤ ከዚያ ያለ ድምፅ ይዞራል።

አስረስ እናቱን ቀና ብሎ ያያታል።

"እዚያም ቀብቼዋለሁ" ትላለች ቀስ ብላ። "ይታጠብ?"

"ተይው።"

ሀብተጊዮርጊስ እንደገና እፍ ይላል። የክንፉ ጥላ በክቡ ላይ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ያልፋል፤ ክቡ ከቦታው አይነቃነቅም።